በሰሊማ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ

ዶክተሩ ገና አፉን ሲከፍት ሰሊማ እጇን አወጣች። ከሚሴ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ እንደለመደችው ቀኝ እጇን ከጆሮዋ በላይ ቀጥ አድርጋ ጠበቀች።

"ምነው እናቴ?" አለ ዶክተሩ።

"ቀስ ብለው ይንገሩኝ ብዬ ነው። እየጻፍኩ ነው።"

ጭኗ ላይ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ተዘርግቷል። የያዘችው እርሳስ በሁለቱም ጫፍ ተቀርጿል፤ አንደኛው ቢሰበር ሌላኛው እንዲተካው። ዶክተሩ ብዙ ዓይነት አስታማሚ አይቷል፤ የሚያለቅስም፣ የሚጨቃጨቅም፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የሚወስደውም። የሱን አፍ እየጠበቀ የሚጽፍ ግን አላጋጠመውም። እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ ቃል በቃል መናገር ጀመረ።

ሰሊማ ፊደል ከቆጠረች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ያስቆጠራትም ሌላ ሰው አይደለም፤ አሁን አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ ዓዲላ ናት። ዓዲላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስታስተምር እናቷ የፊተኛውን ወንበር ይዛ፣ አንድም ቀን የቤት ሥራ ሳታስቀር ተምራለች። ደብተሯ በሙሉ በዓዲላ ቀይ እስክሪብቶ የታረመ ነው። ዓዲላ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንገቷ ላይ በግራ በኩል ትንሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጣባትና ከከሚሴ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ ነቀርሳ ነው ተባለ።

"ገና አልተስፋፋም፤ መድኃኒት አለው" አለ ዶክተሩ። "በደም ሥር ነው የሚሰጠው፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ። መድኃኒቱ በሽታውን ይመታል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ጤነኛ አካልም አይምርም። ስለዚህ ታስመልሳለች፣ አፏ ይቆስላል፣ ምግብ ያስጠላታል። ይሄ ሁሉ ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ደሟ ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ሰውነቷ በሽታ የመከላከል ጉልበት አይኖረውም። በዚያ ሳምንት ጉንፋን እንኳ ቢይዛት ትኩሳት ይነሳባታል። ትኩሳት ከተነሳ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ የሚቀጥለውንም መድኃኒት በቀኑ አንሰጣትም። መዘግየት ደግሞ አንፈልግም። እብጠቱ ፋታ ካገኘ ተመልሶ ያድጋል።"

"ተመልሶ ያድጋል" ብላ ጻፈች ሰሊማ። እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

"ውኃም ወተትም ይፈላ። ምግቡ በደንብ ይብሰል። ከሰው ደግሞ ራቅ ትበል።"

እርሳሱ ቆመ። "ከየትኛው ሰው?"

"ከሁሉም። በዚያ ሳምንት ጠያቂ ቤት እንዳይገባ።"

"ዶክተር፣ እኛ የከሚሴ ሰዎች ነን።"

"እሺ?"

"ምንም። እጽፈዋለሁ።"

ዓዲላ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ወደ ጎረቤት ክፍል ስትሄድ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፀጉሯም ይረግፋል። መድኃኒቱ ሲያልቅ መልሶ ይበቅላል። እርስዎ ይንገሯት ወይስ እኔ ልንገራት?"

"እኔ እነግራታለሁ" አለች ሰሊማ ቶሎ ብላ። ይህን በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሌላው ጽሑፏ በግማሽ አሳንሳ ጻፈችው። ከዚያ ገጹን ለሁለት አጠፈችና ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ወጋችው።

ለዚህ ጉዞ ሰሊማ ሁለት ሳምንት ተዘጋጅታለች። ከሚሴ ጤና ጣቢያ ያለው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ "መድኃኒቱ ያስመልሳል" ብሏት ስለነበር አንድ ዘንቢል ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ባልዲ ከነክዳኑ፣ ስድስት ፎጣ፣ ሁለት ፔርሙዝ፣ አንድ ጀሪካን የፈላ ውኃና ብርድ ልብስ ጠቅልላ ነበር የወጣችው። የአውቶቡሱ ረዳት ዕቃውን ጣሪያ ላይ ሲጭን ዓዲላ ቆማ አየችና፣ "እማ፣ ሆስፒታል ነው ወይስ ሰፈራ ጣቢያ ነው የምንሄደው?" ብላ ነበር።

መድኃኒቱ ሐሙስ ዕለት ተሰጣት። ቀይ ነበር፤ እንደ ከርከዴ ሻይ የጠራ ቀይ። ሲስተሯ ሽንቷም ቀይ እንደሚሆን፣ እንዳትደነግጥም ነገረቻት። ዓዲላ ከሽንት ቤት ስትመለስ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

"እማ፣ ከውስጤ ድረስ አብዮተኛ ሆኛለሁ።"

"ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። ማስረጃ አለኝ።"

የመመለሻው ጉዞ እስከ ጣርማበር ደህና ነበር። አውቶቡሱ ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ዓዲላ ባልዲውን ጠየቀች፤ ሰሊማም ከወንበር ሥር ሳብ አድርጋ አቀረበችላት። ይህን ያየ ከጎናቸው የተቀመጠ አንድ ወፍራም ነጋዴ ፊቱ ተለዋወጠና "ይቅርታ እህቴ፣ አንዴ ብቻ" ብሎ ባልዲውን ወሰደ። ከነጋዴው ኋላ ያሉት ሴትዮ ነጋዴውን አይተው ጀመሩ። እሳቸውን አይቶ ደግሞ አንድ ወታደር። ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። ሰሊማ በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ እያለች ለሁሉም ሎሚ ታድላለች፤ "ያሽትቱት፣ አይዋጥም፣ ይሸተታል ብቻ" እያለች። በአውቶቡሱ ውስጥ ከሰሊማ ሌላ ሆዱ የተረጋጋ ሰው ሾፌሩና ዓዲላ ብቻ ቀሩ። ዓዲላ በሳቅ ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ "በሽተኛዋ እኮ እኔ ነኝ፤ ባልዲዬን መልሱልኝ" ትላለች።

ቤት እንደገቡ ሰሊማ ደብተሯን ግድግዳው ላይ በክር ሰቅላ ሥራ ጀመረች። ውኃ አፈላች። ወተት አፈላች። ማንኪያውን፣ ብርጭቆውን፣ ፎጣውን ቀቀለች። ባሏ ሙሳ ጨፋ ሜዳ ላይ ከከብቶቹ ጋር ነበርና "ለልጄ እንደታለበ ትጠጣው" ብሎ በየማለዳው ሞቅ ያለ ወተት ይልካል። ሰሊማ ወተቱን ሦስት ጊዜ አፍልታ፣ "ባረከላህ በሉልኝ" ብላ ቅሉንም ቀቅላ ትመልሳለች። አንድ ቀን ሎሚ ስትቀቅል ዓዲላ ከአልጋዋ ቀና አለች።

"እማ፣ መጨረሻ ላይ እኔንም ልትቀቅዪኝ ነው?"

"ዶክተሩ ካላዘዘ አላደርገውም" አለች ሰሊማ፤ ቀልዱ አልገባትም።

ትኩሳቷን በአምስቱ የሰላት ወቅቶች ትለካለች። ሰግዳ ስትጨርስ ቴርሞሜትሩን በዓዲላ ብብት ታስገባና በደብተሯ አምስት ዓምድ ውስጥ ቁጥሩን ትጽፋለች። ዓዲላ በመሐል ከሳቀች "ሳቅ ያሞቃል" ብላ እንደገና ትለካለች። ምግብ ግን ችግር ሆነ። ወጡ ይሸታታል። እንጀራው አፏ ውስጥ ሽቦ ሽቦ ይላታል። በስድስተኛው ቀን ከንፈሯና ምላሷ ቆሰለ፤ ድሬሰሩ ጂቪ የሚባለውን ወይንጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት በጠርሙስ ሰጣቸውና በጥጥ ይቀባ አለ። የዓዲላ አፍ የበሰለ ቁልቋል መሰለ።

ዋናው ጣጣ ግን ጠያቂው ነበር።

ከሚሴ ሰው ሲታመም መሄድ ግዴታ ነው፤ አለመሄድ ነውር ነው፤ የመጣን መመለስ ደግሞ ስሙም አይነሳም። ሰሊማ መጀመሪያ "ተኝታለች" አለች። ጠያቂዎቹ "ትንቃ እንጂ፣ ምን ቸኮልን" ብለው በረንዳው ላይ ተደላደሉ። ቀጥላ "ከአዲስ አበባ አልተመለሰችም" ልትል ሞከረች፤ ከውስጥ ዓዲላ ሳቀች። ከሁሉም በላይ ያስጨነቋት ሰፈሩ በሙሉ በኦሮምኛ "አኮ" ማለትም አያቴ የሚላቸው አሮጊቷ መሪየም ናቸው። አኮ መሪየም ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ይመርቃሉ፤ ሲመርቁ ደግሞ እንትፍ ይላሉ። ከቀኑ አጋማሽ ጀምሮ ጫት አፋቸው ውስጥ አይጠፋምና እንትፍታቸው አረንጓዴ ነው፤ ከራስ ቅል እስከ አንገት ያዳርሳል። ያልተተፋበት ምርቃት እሳቸው ዘንድ ምርቃት አይደለም።

"ኢንተለ ኮ፣ አንቺ ልጄ፣ ልጅሽን አምጪልኝ፤ አንገቷ ላይ እንትፍ ልበልበት፤ በማግሥቱ ይሟሽሻል" አሉ ረቡዕ ዕለት።

"አኮ፣ አሁን ገና መድኃኒት ተቀብታለች።"

"ከላይ እደርብበታለሁ።"

ያን ቀን ጥርሷን አሟታል ብላ ሸኘቻቸው። ማግሥቱ ሐሙስ ግን ሰባተኛው ቀን ነበር። ሰሊማ የንጋቱን ሰላት፣ ፈጅርን፣ ሰግዳ ደብተሯን አነበበች፤ "ጠያቂ ቤት እንዳይገባ"። ሰውን በአፏ "አትግባ" ማለት አልችል አለች፤ አፏ እንቢ አላት። ወረቀት ግን ዓይን የለው፣ አያፍር። ከደብተሯ መሐል አንድ ገጽ ገነጠለችና ተቀመጠች።

ማስታወቂያ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው። በሕይወቷ ያነበበቻቸው ማስታወቂያዎች ግን ሁሉም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ማስታወቂያ የሚጻፈው እንደነሱ ብቻ ይመስላታል። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፈች፦

"ማስታወቂያ። ለቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ። ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ እስከሚመጣው ሐሙስ ድረስ ማንም ሰው ወደዚህ ቤት እንዳይገባ በጥብቅ እናስታውቃለን። ዱዓችሁ አይለየን። ጉንፋን የያዘው ሰው ዱዓውን ከቤቱ ያድርግ። እናቸንፋለን። ሰሊማ።"

አነበበችው። አማራት። ግን አንድ ነገር ጎደለው። እሷ ራሷ ስንት ቀን ከቀበሌ "ማህተም የለውም" ተብላ ተመልሳለች። ዙሪያዋን ስትቃኝ የጂቪው ጠርሙስ ታያት። የሲኒ ቂጥ ጂቪ ውስጥ ነከረችና ስሟ አጠገብ ተጫነችው። ክብ፣ ወይንጠጅ፣ ያማረ ማህተም ወጣ። ወረቀቱን በግቢው የቆርቆሮ በር ላይ በሊጥ ለጥፋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ልቧ ረጋ ብሎ ገባች።

በዚያ ዘመን ከሚሴ ውስጥ ስኳር ከጠፋ ሦስት ወር ሞልቶት ነበር። የኅብረት ሱቁ ስኳር ሲመጣ ቀበሌው አንድ ቦታ ወረቀት ይለጥፋል፤ ወረቀቱ ላይ ወይንጠጅ ማህተም ይመታል፤ ሰውም ያን ማህተም ከሩቅ ያውቀዋል። ጎረቤቷ ረቢአ በዚያ ስታልፍ ያየችው ይህንኑ ማህተም ነው። ረቢአ መሠረተ ትምህርትን በአራተኛው ፊደል ላይ ትታ የሄደች ናት፤ ማህተም ግን ማንም ሳያስተምራት ታነባለች። ሮጣ ቤቷ ገባች፤ የስኳር ከረጢቷን ይዛ ወጣች፤ ለወረፋ ማስያዣም አንድ ድንጋይ ከበሩ ሥር አስቀመጠች።

የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ ከቆርቆሮው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ድንጋይ ተደረደረ። በየድንጋዩ አጠገብ ሰው፣ በየሰዉ እጅ ከረጢት ወይም ቆርቆሮ ጣሳ። ማንበብ የሚችሉ ሰዎች አልጠፉም፤ ግን ዘግይተው ስለመጡ ከኋላ ናቸው። አንዱ "እስቲ ልለፍና ምን እንደሚል ላንብብላችሁ" ሲል ፊት ያሉት ተቆጡ።

"በማንበብ አሳበህ ወረፋ ልትቀድም ነው?"

"ድንጋይህ የት ነው? ድንጋይህ ዘንድ ቁም።"

"ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነበር እንዴ?" አለ ሰውየው።

"ፊደልህን ይዘህ ወደ ኋላ።"

ሰሊማ የዙህሩን ትኩሳት እየለካች ነበር። ጫጫታው ሲበረታባት በመስኮቱ ስንጥቅ አየች። ሃምሳ ጠያቂ።

"እማ፣ ምንድን ነው?" አለች ዓዲላ።

"ምንም አይደለም። ጥቂት ሰው ነው።"

ዓዲላ ቴርሞሜትሩን በብብቷ እንደያዘች መጥታ አየች። "ይሄ ጥቂት ከሆነ ብዙው ስንት ነው?"

ሰሊማ ወጥታ በቆርቆሮው በር ክፍተት አንገቷን ብቅ አደረገች። "ምን ሆናችሁ ነው?"

"ስኳሩን እየጠበቅን ነዋ" አለች ረቢአ።

"ስኳር የለም።"

ሰልፉ ውስጥ ደስታ አለፈ። የኅብረት ሱቁ ሰው መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ ሁልጊዜ የሚላት ቃል ይህችው ናት። "ስኳር የለም አለች" እየተባለ እስከ አስፋልቱ ተላለፈ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ያሉትም ይህን ሰምተው ከረጢት ሊያመጡ ወደየቤታቸው ሮጡ።

ሊቀመንበሩ የመጣው ይኼኔ ነው። አብዱልጀሊል የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ያን ሰሞን ብርቱ ጉንፋን ይዞት አንገቱን በፎጣ ጠቅልሏል፣ አፍንጫው ቀልቷል። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ። ያላወቀው ስብሰባ ቀበሌው ውስጥ ተደርጎ አያውቅም። ወረቀቱን አነበበ። ማህተሙን በጣቱ ነካ፤ ጣቱ ወይንጠጅ ሆነ።

"ማህተም በእጇ ገብቷል" አለ ቀስ ብሎ። "የሐሰት ማህተም። ቤቱ ይፈተሻል።"

የቆርቆሮውን በር ገፍቶ ግቢው ውስጥ ገባ። ሰዉ ድንጋዩን እየለቀቀ ከበሩ ሥር ተኮለኮለ። ሰሊማ በረንዳው ላይ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ቆማለች። እጇ ላይ የቀረው ነገር ወተት ስታፈላ የምታማስልበት ማንኪያ ብቻ ነው። ሰሊማ ሊቀመንበሩን ከልቧ ትፈራዋለች። ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣ። ከዚያ ቆመና ፊቱን ጨማደደ፣ አፉን ከፈተ፣ አነጠሰ። በረንዳው ላይ የተሰጣው ፎጣ ተወዛወዘ።

ሰሊማ ማንኪያውን ደረቱ ላይ ደገነች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ወደ ኋላ።"

"ማንን ነው?"

"እርስዎን። ይውረዱ።"

"እኔ እኮ የዚህ ቀበሌ ሊቀመንበር ነኝ፤ የፈለግሁት ቤት እገባለሁ።"

"እርስዎ ይገባሉ። ጉንፋንዎ ግን አይገባም። ልጄ የዛሬ ሁለት ሳምንት መድኃኒቷን ትወስዳለች። እስከዚያ ትኩሳት ከያዛት አይሰጧትም። ካልሰጧት ያ አንገቷ ላይ ያለው... ጽፌዋለሁ። ደብተሬ ላይ አለ። ከፈለጉ ደብተሬን ያስሩት፤ እርስዎ ግን እዚህ በር አያልፉም።"

ሊቀመንበሩ ማንኪያውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ሌላ ማነጠስ ሊመጣበት ሲል አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘና አንድ ደረጃ ወረደ።

"እሺ፣ እንግዲያው ማህተሙን አውጪ" አለ በታፈነ ድምፅ።

ዓዲላ መስኮቱን ከፈተች። "ማህተሙ እዚህ አለ ጓድ" ብላ አፏን ከፍታ አሳየችው። ከንፈሯ፣ ድዷ፣ ምላሷ ወይንጠጅ ነው።

"ማህተሙን ውጣዋለች" አለች ረቢአ።

"ወላሂ ውጣዋለች" አለ ሌላው። ወሬው ወደ አስፋልቱ ሄደ።

ዓዲላ ሳቋን እየታገለች የጂቪውን ጠርሙስና ሲኒውን በመስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ሊቀመንበሩ ማነጠሱን ወደ ትከሻው አዙሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ክንዱን ዘርግቶ ሲኒውን አነሳ። ቂጡን ገልብጦ አየው። መዶሻ የለው፣ ማጭድ የለው፣ ኮከብ የለው። ሲኒ ነው። ሲኒውን ይዞ ከሃምሳ ሰው ፊት ምን እንደሚያደርግ ጠፋበት።

አኮ መሪየም በምርኩዛቸው ሰዉን እየገፉ ወደ ፊት መጡ። "አንተ፣ ወረቀቱ ምን ይላል? በደንብ አንብብልን።"

ሊቀመንበሩ በስብሰባ ድምፁ አነበበው። "ጉንፋን የያዘው ሰው" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ወረደ።

"አትምጡብኝ ነው የሚለው?" አሉ አኮ መሪየም ወደ ሰሊማ ዞረው።

"አዎ፣ አኮ።"

"ታዲያ በአፍሽ አትነግሪኝም ነበር? ጥርሷን አሟታል ብለሽኝ ትላንት ማታ ለጥርሷ ስተፋ አመሸሁ እኮ። በከንቱ።"

"አፍሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

አሮጊቷ በምርኩዛቸው የሰልፉን ድንጋዮች አመለከቱ። "ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከዚህ በረንዳ ስንት እርምጃ ነው?"

ሊቀመንበሩ ሥራ በማግኘቱ ደስ አለው። ረገጠና ቆጠረ፤ ሃያ እርምጃ። ኪሱን ዳበሰና ትክክለኛውን የቀበሌ ማህተም አወጣ፤ ከሱ ኪስ ወጥቶ አያድርም። የሰሊማን ማስታወቂያ ነቅሎ ከሥሩ "ጥየቃ ከድንጋዩ ወዲያ ብቻ ነው፤ በተራ ይሁን" ብሎ ጨመረና የሲኒውን ክብ በራሱ ማህተም ደፈነው። ስኳር ፈልጎ የመጣው ሰው ስኳር ባያገኝም ወረፋ ይዟልና ባዶ እጁን መመለስ አልፈለገም። እያንዳንዱ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ዓዲላ በመስኮቱ፣ እነሱ ከድንጋዮቻቸው፣ ጥየቃው ተጀመረ።

"አከም ቡልቴ፣ ዓዲላ? እንዴት አደርሽ?"

"ነጋ፣ ሰላም ነው። አልሐምዱሊላህ።"

"ምግብ ትበያለሽ?"

"አፌ ማህተም ስለሆነ ትንሽ ትንሽ።"

አኮ መሪየም የመጀመሪያውን ድንጋይ ከረቢአ ላይ ወሰዱ። ረቢአ ድንጋዬን አልሰጥም ብላ ጥቂት ተከራክራ ነበር። አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘርግተው ረዥም ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም "አሚን" አለ። ከዚያ ደረታቸውን ነፉና በሃያ እርምጃው ላይ በሙሉ ኃይላቸው እንትፍ አሉ። ከቦርከና ወንዝ በኩል ነፋስ ነበር። ምርቃቱ መንገዱን ስቶ ሊቀመንበሩ ትከሻ ላይ አረፈ።

"ግድ የለም" አሉ አኮ መሪየም። "ለጉንፋንህ ይሁንልህ።"

ሊቀመንበሩ ሲኒውን ግን ይዞት ሄደ። "ትርፍ ቤት ሲወርሱ አይቻለሁ፤ ትርፍ ሲኒ ሲወረስ ግን የመጀመሪያዬ ነው" አለች ዓዲላ።

የፈራችው ሳምንት እንዲህ አለፈ። በየቀኑ ከዐሥር ሰላት በኋላ ሰው በድንጋዩ ላይ ይቆማል፣ ይጮሃል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ጩኸቱ ዓዲላን ቀን አላስተኛትም፤ ትኩሳቷ ግን ከሠላሳ ሰባት አላለፈም። ሰሊማ አምስቱን ዓምድ ሞልታ፣ አንድ ገጽ ባለቀ ቁጥር ደብተሯን ወደ ሊቀመንበሩ እየላከች ታስመታ ጀመር። ዶክተሩ ማህተም የሌለውን ቁጥር አያምንልኝም ብላ ነው።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ዓዲላ ከትራሷ ላይ አንድ እፍኝ ፀጉር አነሳች። ሰሊማ አይታ ቁጭ አለች፤ ተነሳች፤ ደብተሩን ከክሩ ፈታችና መልሳ ቁጭ አለች።

"ልጄ፣ ያላነበብኩልሽ ገጽ አለ።"

"የመጨረሻው" አለች ዓዲላ።

ሰሊማ መርፌ ቁልፉን ነቀለች። ያጠፈችውን ስትከፍት "ፀጉሯ ይረግፋል፤ መልሶ ይበቅላል" የሚለው ትንሽ ጽሑፏ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበታል፤ ከጎኑም "ጥሩ ነው፤ ፊደሉ ግን ተለቅ ይበል" ተብሎ ተጽፏል።

"መቼ ነው ያረምሽው?"

"አውቶቡሱ ውስጥ፣ አንቺ ሎሚ ስታድዪ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺ እስክታነቢልኝ ጠበቅኩ። ተማሪን ማጣደፍ አይገባም።"

ሰሊማ ከዚያ ገጹን ጮክ ብላ አነበበችላት፤ ሁለቱንም ክፍል፣ የሚረግፈውንም የሚበቅለውንም። ቀጥላ መቀስ አምጥታ የቀረውን ፀጉር በጥንቃቄ ከረከመችላት። መቀሱ ቀድሞ ተቀቅሏል።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል፣ ዶክተሩ የደም ውጤቱን ይዞ ገባ። መጀመሪያ የሰሊማን ደብተር ገለጠ። አምስቱን ዓምድ አየ፤ በየገጹ ሥር የተመታውን የቀበሌ ማህተምም አየ፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ግራ ገብቶት ተወው። የዓዲላን አንገት በጣቱ ዳሰሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ እንደገና ዳሰሰ።

"አንሷል" አለ። "ደሟም ደህና ነው። መድኃኒቷን ዛሬ ትወስዳለች።"

ሰሊማ እጇን አወጣች።

"ምነው እናቴ?"

"አንዴ ይድገሙልኝ። ቀስ ብለው። እየጻፍኩ ነው።"

ዶክተሩ ደገመላት፤ ቃል በቃል። ዓዲላ ሻሿን አስተካከለችና ከቦርሳዋ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች።